ከየት ሆናችሁ ሰማችሁት?

ስለ ቴሌቪዥን ድራማና ስለ መድረክ ሙዚቃ አስተያየት፣ ደሴ ላይ ለኪነ ጥበብ ወዳጆች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ወንበር አጥታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን አመሻችሁ! ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን በሸፈነበት ምሽት ጋቢያችሁን ደርባችሁ ንግግር ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ ፊቴን አታውቁትም። እኔ ግን ጀርባችሁን አውቀዋለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት በድምፅ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ኮንሰርት ላይ እናንተ ወደ መድረኩ ስትመለከቱ እኔ ከኋላችሁ ሚክሰሩ ላይ አጎንብሼ የድምፃዊውን ድምፅ ከፍ፣ የቤዝ ጊታሩን ዝቅ ሳደርግ ነው የኖርኩት። ዝግጅቱ ሲያልቅ ወደ በሩ የሚሄደው ሕዝብ በእኔ አጠገብ ያልፋል። እያለፈም ይናገራል። «ዛሬስ ድምፁ አልቋል» ይላል አንዱ። «ድምፁ ምን ሆነ? ድራም መቺው ነው ያበላሸው» ይላል ሌላው። ከእነሱ ኋላ የምትመጣው ደግሞ እንባዋን እየጠረገች «እንዲህ ያለ ሌሊት አይቼ አላውቅም» ትላለች። እኔ ገመዴን እየጠቀለልኩ እሰማለሁ። ሦስቱም የገዙት የአንድ ሌሊት ትኬት ነው። ታዲያ ሦስቱ የተለያየ ዝግጅት ነው እንዴ ያዩት?

ለዓመታት ይህን ጥያቄ ሳብላላ ኖሬአለሁ። ዛሬ የመጣሁትም ስለዚሁ ልነግራችሁ ነው፤ ስላየነው ድራማና ስለሰማነው ሙዚቃ አስተያየት ስለ መስጠት። ሁለት ነጥብ ይዤ ነበር ከቤት የወጣሁት፤ ከአዲስ አበባ እዚህ እስክደርስ ግን መንገዱ ረጅም ነውና ሦስተኛ ጨመርኩ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ «ዝም በሉ፣ ሙያውን ለባለሙያ ተዉት» ልላችሁ አልመጣሁም። አስተያየታችሁን እንፈልገዋለን። ርቦን ነው የምንፈልገው። ግን የምንፈልገው የሚያጠግበውን ነው።

የመጀመሪያው ነጥቤ ይኸውላችሁ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ከማለታችሁ በፊት ከየት ሆናችሁ እንደሰማችሁት ንገሩን።

ለምን ይህን አልኩ? ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ብርሃን ግን ወዲያው ይደርሳል። ስታዲየም ውስጥ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የድራም መቺው እጅ ሲወርድ ካየ በኋላ ምቱን የሚሰማው የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህ ሰው «ድራም መቺው ከዘፈኑ ጋር አልሄደም» ቢል ዋሽቷል? አልዋሸም። ዓይኑ አንድ ነገር፣ ጆሮው ሌላ ነገር ነግረውታል። ከፊት የተቀመጠው ወዳጁ ደግሞ «እንዴት ያለ ምት ነው!» ይላል። እሱም አልዋሸም። ሁለቱ ሻይ ቤት ተቀምጠው እስኪጣሉ የሚከራከሩት የቆሙበትን ስላልተናገሩ ነው።

ሌላም አለ። ከሰዓት በኋላ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ስንሞክር ግድግዳው ሁሉ ይመልሳል። ማታ ሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ድምፁን ይውጠዋል፤ ቀን ያስተካከልነው ሁሉ ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዘፈኖች እኛ ከኋላ ሆነን እየታገልን ነው የምናሳልፋቸው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ተነሥቶ የሄደ ሰው የሰማው የእኛን ትግል ነው። የድምፃዊቷን ችሎታ ገና አልሰማውም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከዚህ ብዙ በማይርቅ ከተማ የሆነ ነው። ሜዳ ላይ መድረክ ተተክሎ ነበር። አንዲት ወጣት ድምፃዊት አምባሰል ልትጫወት ወጣች። እናንተ ወሎዎች አምባሰል ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚህ አገር ስም ነው የያዙት። ልጅቷ ጀመረች። ካፊያ ነበር። ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ድምፅዋ ከኪቦርዱ መራቅ ጀመረ። እኔ የማደርገው ጠፋኝ። ከፍ ባደርጋት ስሕተቱ ይጎላል፤ ዝቅ ባደርጋት ሕዝቡ ይጮኻል። ከወዲያ ወዲህ «ቅኝት አታውቅም! ትውረድ!» ይባል ጀመር። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያንኑ ሲያወራ ዋለ።

ግን ከፊት፣ ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ። እጃቸው በብርድ ቀልቷል። «ልጄ፣ ማሲንቆው ብርድ መታው» አሉኝ። «ልጁ በየመሐሉ ቆዳው ላይ እየተነፈሰ በነጠላው ሲሸፍነው አላየኸውም? እሷ እኮ ማሲንቆውን ላለመተው ብላ ነው አብራው የወረደችው።»

ቀና ብዬ ቀረሁ። ማሲንቆ የፈረስ ጭራና ቆዳ ነው። ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ኪቦርዱ ግን ሽቦና ፕላስቲክ ነው፤ ካፊያ ቅኝቱን አይነካውም። ልጅቷ መሐል ላይ ቆማ አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ማሲንቆውን መረጠች። የማሲንቆ አጫዋቹ እጅ ከእኔ ጠረጴዛ አይታይም፤ ከእሳቸው በርጩማ ይታያል። እዚያ ሜዳ ላይ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ትክክለኛውን አስተያየት የሰጡት እኒያ እናት ናቸው። ትምህርት ቤት የገቡ አይመስለኝም። ያዩትን፣ ካዩበት ቦታ ሆነው ተናገሩ፤ በቃ።

እኔም እሳቸው ያሉኝን ይዤ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። መኪና ውስጥ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ነገርኳት። «ተመስገን፣ አንድ ሰው ሰምቶኛል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማሲንቆና ለክራር ከካፊያና ከብርድ የሚከለል ቦታ ሳላዘጋጅ ሜዳ ላይ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። አያችሁ አንድ ቃል ምን እንደሚሠራ?

ወደ ነጥቤ ልመለስ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሰማው ከሜዳውም ከአዳራሹም ሆነን አይደለም። ከስልክ ነው። ጥር 2017 አንጋፋው ድምፃዊ ማሕሙድ አህመድ በሚሊኒየም አዳራሽ መድረክን ሲሰናበቱ እኔ በተመልካችነት ገብቼ ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። በልጅነታቸው ጫማ ጠርገው ያደጉ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን የወጡ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ሠላሳ ሰከንድ የማይሞላ ቪዲዮ አሳየኝና «ድምፃቸው ሄዷል አይደል?» አለኝ። ቪዲዮውን ሰማሁት። እውነቱን ነው፣ የሚሰማው ጩኸት ነው። ግን የስልክ ማይክሮፎን ለቅርብ ንግግር የተሠራ ትንሽ ነገር ነው፤ በኮንሰርት ጩኸት ውስጥ ይታፈናል፣ ወፍራሙን ድምፅ ይጥለዋል፣ ከፊቱ የሚጮኸውን ሰው ከመድረኩ አስበልጦ ይይዛል። እኔ እዚያ ቆሜ የሰማሁት ሌላ ነበር። ድምፃቸው እንደ ወጣትነታቸው አልነበረም፤ ይህን ሳልሸፍን እናገራለሁ። ግን ቃሉን የት ላይ እንደሚይዙት፣ የት ላይ እንደሚለቁት፣ አዳራሹ አብሯቸው ሲዘፍን እንዴት ዝም ብለው እንደሚጠብቁት፣ ያንን ሠላሳ ሰከንድ አይዘውም። ጎረቤቴን አልተቆጣሁትም። ግን እለምነዋለሁ፤ እናንተንም እለምናችኋለሁ። «ከስልክ ነው የሰማሁት» በሉ። ሦስት ቃል ናት። ይህችን ሦስት ቃል ከጨመራችሁ፣ አስተያየታችሁን የሚሰማው ሰው በምን ሚዛን እንደሚመዝነው ያውቃል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥን ልግባ። ሁለተኛው ነጥቤ እዚህ ነው።

ከኮንሰርት ሥራ ጎን ለጎን ተከታታይ ድራማዎች ላይ ድምፅ ቀርጫለሁ። ማይክሮፎኑን በረጅም እንጨት ይዞ ከተዋናዮቹ ራስ በላይ ክንዱ እስኪዝል የሚቆም ሰው አለ፤ እሱ ነበርኩ። በዚያ ሥራ ከተመልካች ከደረሰኝ አስተያየት ሁሉ የማልረሳው አንድ ስልክ ነው። ደዋይዋ ስማቸውን አልተናገሩም። «እኔ ድራማችሁን የምከታተለው በጆሮዬ ነው» አሉ። «ያ ሰዓት እንጀራ የምጋግርበት ነው። ምጣዴ ወጥ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው። ሰዎቹ ሲያወሩ ሙዚቃውን ትለቁበትና ምን እንዳሉ ሳይገባኝ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ለአባቷ ምን ብላ እንደነገረችው ዛሬም አላወቅኩም።»

እስቲ አስቡት። እኛ ቅንብሩን የምንሠራው በጸጥተኛ ክፍል፣ በጥሩ ድምፅ ማጉያ ነው። እዚያ ሙዚቃው ንግግሩን አይሸፍንም። በትንሿ የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ፣ ምጣድ እየጮኸ፣ በበር በኩል ሲሰማ ግን ይሸፍናል። በማግስቱ ከአንድ ገበያ የተገዛች አሮጌ ቴሌቪዥን ቅንብር ክፍሉ ውስጥ አስገባን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል በእሷ፣ ከኮሪደሩ ሆነን ሳንሰማ አላስተላለፍንም። «ድራማችሁ አይረባም» የሚል መልእክት ስንት እንደደረሰን አልቆጠርኩትም፤ ከእነዚያ አንዱም አንድ ቁልፍ አላስነካንም። ምጣዱ ግን አሠራራችንን ለወጠው።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ይህ አይደለም፤ ይህ የመጀመሪያው ነጥብ ትርፍ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራውን ከሰውየው ለዩ የሚለው ነው።

ከእኛ ጋር የምትሠራ ተዋናይት ነበረች። የእንጀራ ልጇን የምታሰቃይ ሴት ሆና ትጫወታለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሽንኩርት ልትገዛ አብረን ወደ ጉሊት ወረድን። ሻጭዋ ሽንኩርቱን መዝና፣ ፌስታሉን ልትሰጣት እጇን ዘርግታ፣ ቀና ብላ አየቻት። እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ፌስታሉን ገልብጣ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ወደ መደቡ መለሰችው። «ለአንቺ አልሸጥም» አለች። ተዋናይቷ ሳቀች። እኛም ሳቅን፤ ለአንድ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ ምስክር አለ? ያቺ ጉሊት ቸርቻሪ የሰጠችው አስተያየት ንጹሕ ነበር፤ በልቧ አምናለች ማለት ነው።

ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ሰዎች በስልኳ ላይ ይጽፉላት ጀመር። ስለ ገጸ ባሕሪዋ አይደለም። ስለ እሷ። ስለ ትዳሯ። ስለ ልጆቿ መልክ። ልጇ ትምህርት ቤት «እናትህ ክፉ ናት» ተብሎ እያለቀሰ መጣ። በሚቀጥለው ዙር ቀረጻ ስትመጣ ክፉዋን ሴት ማለስለስ ጀመረች። ዓይኗን ትሰብራለች፣ ድምፅዋን ትቀንሳለች። አዘጋጁ «ምን ሆንሽ?» ሲላት መልስ አልነበራትም። ድራማው ከዚያ በኋላ ለዘበ፤ ተመልካቹም «ቀዘቀዘ» ብሎ ተቸ። ማን አቀዘቀዘው? እባካችሁ፣ ማን ነው ያቀዘቀዘው?

ይህን ስል ሥራውን አትንኩ ማለቴ አይደለም። ሥራውን ንኩት! በደንብ ንኩት! ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። እኔም የአገር ውስጥ ሥራ ይገፋል ብለው ከተቆጡት ወገን ነበርኩ፤ ዛሬም ስጋቴ ከንቱ ነበር አልልም። ነገር ግን በዙሪያዬ ከሰማሁት ስድብና ሙገሳ ውስጥ ስለ ድምፁ ሥራ የተናገረ ሰው ማግኘት ቸግሮኝ ነበር። ከንፈሩና ቃሉ ይገጥማል? የአማርኛ ግሥ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቱርክኛም እንደዚሁ ነው። ስፓኒሽ ግን ግሡን ከመሐል ያስገባል፤ ስለዚህ ከስፓኒሽ ሲመለስ ተዋናዩ ፊቱ ላይ ቁጣውን ካሳየ በኋላ ነው «ገደልኩት» የሚለው ቃል የሚደርሰን። እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ የሚናገር ተመልካች ሲኖር ተርጓሚው ነገ የተሻለ ቃል ይፈልጋል። ትዳሩን ብትሰድቡት ግን ምን ያሻሽላል?

ሦስተኛው፣ መንገድ ላይ የጨመርኩት፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። አስተያየታችሁን መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው ባለበት ተናገሩ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። እዚያ ነው ቴሌቪዥን ያየሁት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ነው የጀመረው፤ በእኔ ልጅነትም ቢሆን በሰፈራችን አንድ ቤት ብቻ ነበር የነበረው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ወለል ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። አባባ ተስፋዬ ብቅ ይላሉ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ይላሉ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ በአንድ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!» ብሎ ይመልሳል። የባለቤቱ አያት በር ላይ ቆመው «ይሰሟችኋል እንዴ?» ይሉን ነበር። እኛ ይሰሙናል ብለን ነበር የምናምነው። እሳቸውም እንደሚሰሙን ሆነው ለመልሳችን ጊዜ ይሰጡን ነበር፤ ዝም ብለው ይጠብቁን ነበር። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ዛሬ ስንቱ ፕሮግራም ነው ለመልሳችን እንዲህ ጊዜ የሚሰጠው?

የእኛ አገር ጥበብ ሲጀመር መልስ ያለበት ነው። መንዙማ ያለ ተቀባይ ይቆማል? ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያቀናዋል፣ ወይም ይጥለዋል። ተማሪው በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። በቴአትር ቤቶቻችንም ሕዝቡ ደስ ሲለው «ይደገም!» ይል ነበር፤ ሲደገምለትም በፊት ያላየውን ያያል።

አዝማሪውማ! አጎቴ ጠጅ ቤት ይወዱ ነበር፤ እኔን በልጅነቴ በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ። አንድ ቀን አዝማሪው ጩኸት አበዛ። አጎቴ ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው «ተቀበል!» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ማሲንቆህ ደኅና ነው፣ ድምፅህ መቼ ጠፋ፣
ጮኸህ ጮኸህ እንጂ ግጥምህ ተደፋ።

አዝማሪው ምን ማድረግ አለበት? ሕጉ ሕግ ነው፤ የተሰጠውን ተቀብሎ በራሱ አፍ፣ በራሱ ዜማ ስለ ራሱ የተባለውን ነቀፋ ዘፈነው። ዘፍኖ ሲጨርስ ማሲንቆውን አንዴ ገረፍ አደረገና ወደ አጎቴ ዞረ።

ግጥሜስ ሞልቶ ነበር እስከ ጠርዙ ድረስ፣
ብርሌህ ዘንብሎ ነው ሜዳ ላይ የሚፈስ።

ቤቱ ተናጋ! አጎቴ ተነሥተው ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ከዚያ በኋላ ግን፣ ይህን ልብ በሉ፣ አዝማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተጫወተው። ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማ ነበር፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። አጎቴም ብርሌያቸውን አስቀመጡት።

ነቀፋው ጠንካራ ነበር። አልተለሳለሰም። ግን ፊት ለፊት ነበር፤ ለሥራው ነበር፤ ነቃፊውም ቤት ለመግጠም ለፍቷል። ተነቃፊውም መልሶ የመናገር መብት ነበረው። ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ስልካችንን ይዘን የማናውቀውን ሰው በአንድ ቃል ስንጥለው ከእነዚህ ውስጥ የትኛው አለ? «ተቀበል» ብለን ስንሰጥ የሚቀበለውን ሰው ፊት እናያለን? እሱስ ሲመልስልን ለመስማት እንቆያለን?

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁምና አዘጋጆቹ ከእኔ በኋላ ያሰናዱትን ላስታውቅ። በስተግራ በኩል፣ ከመጋረጃው አጠገብ የተቀመጠው ወንድማችን ከገጠር ዛሬ ጠዋት ነው የገባው። ሦስት ዘፈን ይጫወታል፤ አንዱ የራሱ ነው፣ ሰው ፊት ሲጫወተው የመጀመሪያው ነው። ሲጨርስ አይሄድም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ የምትሉት ያላችሁ ወደ እሱ ቅረቡ። ከኋላ የቆማችሁም ኑ፤ ከዚያ ምን እንደተሰማ እሱም እኔም ማወቅ እንፈልጋለን።

መብራቱን ትንሽ ቀንሱልን። ሲቃኝ ጊዜ ስጡት፤ ማሲንቆው ከጭጋግ ነው የገባው።